የሸጋው ጊታር ለምን ይጥዛል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤቴ የሰፈሩ ብልሽት መጠራቀሚያ ሆኗል። ራዲዮ እምቢ ያለው፣ ቻርጀር የተቃጠለበት ሁሉ «እትዬ ጥሩ፣ እስቲ አንድ ጊዜ እዪልኝ» እያለ ይመጣል። እኔ የድምፅ ሠራተኛ ነበርኩ እንጂ ጠጋኝ አይደለሁም ብል ማን ሰምቶኝ! ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ ባይመጡ ይከፋኛል።

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ አበባ፣ እዚሁ ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያላት፣ ስልኳን ይዛ መጣች።

«እትዬ ጥሩ፣ ስፒከሩ ተቀዷል መሰለኝ። ይጥዛል።»

«ሁልጊዜ ነው?»

«ኧረ ሌላ ዘፈን ላይ ደኅና ነው። ይኼ የሸጋው አዲሱ ዘፈን ላይ ብቻ ነው። ገና ከመጀመሩ ጥዝዝዝ ይላል፣ ጊታሩ ላይ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ስቄ ስቄ ዕንባዬ ወረደ። አበባ ጡረታው አእምሮዬን የነካው መስሏት ሳትፈራ አልቀረችም። ስልኩን አስቀምጪና ሂጂ፣ ነገ ነይ አልኳት። እስክትመጣ ድረስ ይኼን ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሸጋውን የማያውቅ የለም። የሮክ ዘፋኙ፣ የዳባቱ ልጅ። ጥቁር ጃኬቱን ለብሶ መድረክ ላይ ሲዘል፣ ያ የሻከረ ጉሮሮው ሲጮህ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው አብሮት የሚጮህለት። ሰው የሚያውቀው ጉሮሮውን ነው። ጣቱን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ይኼ ልጅ ጊታር ሲመታ እንዴት እንደሆነ እኔ ላወራችሁ እችላለሁ፤ ምክንያቱም በአገሩ ሰው ፊት መጀመሪያ የመታ ቀን ያጠፋሁበት እኔው ነኝ። ደባርቅ ያን ቀን አልረሳልኝም፤ እኔም ራሴ ሳወራው ይበልጥ ያሥቀኛል።

ነገሩ እንዲገባችሁ ግን ከአስተማሪዬ ልጀምር።

እኔ የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ነኝ። ሥራ የጀመርኩት ዳባት፣ ባህል ጽሕፈት ቤት፣ ትኬት ቆራጭ ሆኜ ነው። ደመወዙን አትጠይቁኝ። የድምፅ መሣሪያው ኃላፊ ጋሽ ኑሩ ነበሩ፤ ገበያው ዳር ራዲዮ ሲጠግኑ ኖረው ጽሕፈት ቤቱ መሣሪያ ሲገዛ «ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቀዋል» ተብለው የተቀጠሩ። አንድ ቀን በር ላይ ቆሜ «ጋሽ ኑሩ፣ የግራው ሞንታርቦ ዛሬ ጉንፋን ይዞታል» አልኳቸው። ሄደው ፈቱት። ከውስጥ ያለው ወረቀት ጠርዙ ላይ ተቀዷል። በማግሥቱ ትኬቱን ለሌላ ሰው አሰጥተው እኔን አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ሴት ልጅ ሽቦ ስትጎትት ነውር ነው ያሉ ነበሩ። ጋሽ ኑሩ «ጆሮ ወንድ ሴት የለውም» ብለው ዝም አሰኟቸው።

ጋሽ ኑሩ ማይክ ሲፈትሹ እንደ ሌላው ሰው «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ፣ ሁለት» አይሉም። እህል ነው የሚጠሩት። «ጤፍ! ሱፍ! ስንዴ! ሽንብራ! ገብስ!» ጤፍ ሲሉ ማይኩ በትንፋሽ ይፈነዳ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ሱፍና ስንዴ ፉጨቱን ያወጡታል፤ ገብስ ላይ ወፍራሙ ድምፅ ይታወቃል። አንዴ አምባ ጊዮርጊስ በገበያ ቀን እንዲህ ሲጣሩ አንድ ነጋዴ ጆንያውን ተሸክሞ መጥቶ «ሽንብራውን ስንት ትገዛላችሁ?» አላቸው። እስኪያስረዱት ድረስ ሌሎች ሦስት ተሰለፉ።

ሁለተኛው ልማዳቸው እግር የሚፈጅ ነበር። ሥራ ከመጀመሩ በፊት እስከ ሜዳው ጫፍ ሄደው፣ ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡበት ድንጋይ ላይ አብረው ተቀምጠው ይሰማሉ። «ፊት ያለው ጎረምሳ ባይሰማም ይጨፍራል» ይሉኝ ነበር። «አንቺ የምትሠሪው ለመጨረሻው ሽማግሌ ነው።» ሽቦ በክርን ሲጠቀለል ካዩ ይቆጣሉ። ድምፅ አነሰ ሲባል ደግሞ ቶሎ አይጨምሩም። «ከመጨመርሽ በፊት የሚቀነስ ፈልጊ» ነው ቃላቸው።

ከሁሉ አብልጠው የሚጠሉት ግን ጥዝ የሚል ነገር ነበር። «ጥዝ ሲል ከሰማሽ ቤትሽ እባብ ገብቷል። እባቡን ሳትገድዪ እንዳትቀመጪ» ይሉኛል። እኛ አገር ደግሞ ይኼ እባብ ብዙ ነው። ኧርዝ የምንለው ብረት አለ፤ መሬት ውስጥ ተቀብሮ የመሣሪያውን ትርፍ ኤሌክትሪክ የሚስብ። መሬቱ እርጥብ ከሆነ ሰላም ነው። በበጋ የደባርቅ መሬት ድንጋይ ነው፣ ደረቅ ነው፤ ብረቱ አልስብ ይልና ሞንታርቦው ሁሉ ይጥዛል። መድኃኒቱ ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ብረቱ ሥር ማፍሰስ ነው። ስንቱን ጀሪካን እንደተሸከምኩ ወገቤ ያውቃል።

ከዳባት ወደ ደባርቅ ተዛወርኩ። መካነ ብርሃን ድረስ ሞንታርቦ በበቅሎ ጭነን ሄደናል። እዚያ ስንፈትሽ አንደኛዋ በቅሎ «ጤፍ!» ስል ደንብራ ገደል ለገደል ጠፋችና ሠርግ የመጣ ሰው ሁሉ በቅሎ ፍለጋ ዋለ። ብዙ አለቃ አልፎብኛል። አንደኛው ማይክ ከያዙ የማይለቁ ነበሩ፤ ጋሽ ኑሩ በጆሮዬ «ይኼኛውን ድምፅ እንኳ እኛም መቀነስ አንችልም» ይሉኝ ነበር። በኋላ እሳቸው ጡረታ ወጥተው ዳባት ወደ ራዲዮ መጠገኛቸው ተመለሱ። ድምፁ ሁሉ የሚመጣጠንበት ሚክሰር ለእኔ ቀረ።

ሸጋው ለአገሩ ሰው ሊዘፍን ደባርቅ የመጣው እንግዲህ ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን የምነግራችሁን እኔ ያወቅሁት በማግሥቱ ነው፤ እናንተ ግን አስቀድማችሁ እወቁት። የሸጋው አባት የኔታ ቢምረው ዳባት የሚኖሩ የበገና ሰው ነበሩ። ልጃቸውን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በገና አስተምረውታል። ሸጋው ዘፋኝ እሆናለሁ ብሎ ሲነሣ አላገዱትም። «ጉሮሮህ የራስህ ነው፣ ሽጠው። ጣትህን ግን ያሠለጠንኩት ለእግዜር ነው። ጣትህ አደራ» አሉት። አዲስ አበባ ገብቶ ጊታር ተማረ፤ ተማረ ብቻ አይደለም፣ አበደበት። ግን ቤቱን ዘግቶ ነው የሚመታው። መድረክ ላይ ሌላ ሰው ይመታል፣ እሱ ይዘላል። ስንት ዓመት እንዲህ ኖረ። በመጨረሻ ሲያቅተው አባቱ ዘንድ ሄደ። «ጊታር ልምታልዎትና ይፍረዱ። አደራ በልተሃል ካሉኝ ሁለተኛ አልነካውም» አላቸው። የኔታም «በጓዳ አልፈርድም። በአደባባይ ልትመታው ከሆነ የምታስበው፣ በአደባባይ እሰማዋለሁ» አሉት። ደባርቅ የመጣው ለዚህ ነበር። ሰው ለጉሮሮው ተሰበሰበ፤ እሱ ግን ለጣቱ ሊፈረድለት ነው የመጣው።

መኪናቸው ዳባት ላይ ጎማ ፈንድቶበት በጣም ዘግይተው ደረሱ። ሜዳው ሞልቷል፣ ጎረምሳው ያፏጫል። ፍተሻ የለ፣ ምን የለ። እህሌን እንኳ ሳልጠራ፣ እስከ ሜዳው ጫፍ ሳልሄድ ጀመርን። መጀመሪያ ዘፈኖቹ ሄዱ፤ ደኅና ነበሩ። መሐል ላይ ሸጋው ባንዱን አስቆመ። ከሣጥን ውስጥ ያረጀ ቀይ የኤሌክትሪክ ጊታር አወጣና ብቻውን ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ሕዝቡ አልወደደለትም። «አስቀምጠው! ዝፈን!» የሚል ጩኸት ከዚህም ከዚያም መጣ። ዘፋኝ እጁ ነጻ ሲሆን፣ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ነው የለመድነው፤ ተቀምጦ ጊታር የታቀፈ ዘፋኝ የታመመ ይመስለናል። እሱ ግን አልሰማቸውም። የመጀመሪያውን ክር ነካ።

ጥዝዝዝዝ።

እባቡ ገባ! በሺህ ሰው ፊት፣ በእኔ ሚክሰር! ወዲያው ጀሪካኔን አንሥቼ ወደ ብረቱ ሮጥኩና አፈሰስኩ። ይጥዛል። ሌላ ጨመርኩ። ይጥዛል! እኔ እየሮጥኩ፣ ውሃው ቀሚሴ ላይ እየፈሰሰ፣ ከፊት ያሉት ጎረምሶች «ሴትዮዋ አትክልት ታጠጣለች!» ብለው ሣቅ በሣቅ ሆኑ። አላስቻለኝም። ተመልሼ የጊታሩን ቀጭን ድምፅ ከሚክሰሩ ላይ ከሥሩ ነቀልኩት። ሜዳው ላይ ጥዙ ጠፋ። ጊታሩ ጥጥ የተጠቀጠቀበት ያህል ለስላሳ ሆነ፣ ንጹሕ ሆነ። «ገደልኩት!» ብዬ ላቤን ጠረግሁ።

ሸጋው ይኼን ሊያውቅ አይችልም። መድረክ ላይ ያለ ሰው የሚሰማው ከጀርባው ካለችው ከራሱ ማጉያ ነው፤ ሜዳው የሚሰማው እኔ የምልክለትን ነው። እሱ የመታው ሌላ፣ ሕዝቡ የሰማው ሌላ። መትቶ ሲጨርስ ቀና ብሎ ወደ ሜዳው ጫፍ አየ። ሁለት ሽማግሌዎች ከድንጋዩ ተነሥተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ይሄዳሉ። ሸጋው ጊታሩን ቀስ አድርጎ ሣጥኑ ውስጥ አስገባ። ከዚያ በኋላ የዘፈነው ዘፈን እንዴት ያለ ጩኸት ነበር! እኔ ደስታ መስሎኝ።

ጠዋት ቤቴ ድረስ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ሣጥኑን ደጃፌ ላይ አስቀመጠው።

«እትዬ ጥሩ፣ ይኼን ዳባት ለጋሽ ኑሩ አድርሺልኝ። ልጅ ሆኜ ሱቃቸው ደጃፍ ራዲዮ ሲፈቱ እያየሁ ነው ያደግሁ። ለሚማርበት ሰው ይስጡት።»

«አብደሃል? ምን ሆነህ ነው?»

ያን ጊዜ ነው የአባቱን ነገር የነገረኝ። «አባቴ ሰሙኝ፣ ፈረዱ። ሳልጨርስ ተነሥተው ሄዱ። ቃሌ ቃል ነው» አለ። ጎንደር ሌላ ዝግጅት ነበረበት፤ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ። ዘፋኝ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሣጥኑን ይዤ በሚኒባስ ዳባት ወረድኩ። ጋሽ ኑሩ ሱቃቸው ውስጥ ነበሩ፣ አርጅተው፣ መነጽራቸውን በክር አስረው። ገና ሳያዩኝ «አኮራሽኝ!» አሉ። «ከየኔታ ጋር ጫፍ ላይ ተቀምጠን ነበር። ጊታሩ እንዴት ጥርት ያለ ነው! አንዲት ጥዝ የለችበትም!»

«የኔታስ ምን አሉ?»

«እሳቸውማ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ፣ ሰሙ፤ ከዚያ ብድግ ብለው ‹እንሂድ ኑሩ› አሉኝ። መንገዱን ሁሉ አልተናገሩም። የቤተ ክህነት ሰው ናቸው፣ ዘፈን ከበዳቸው ብዬ ዝም አልኩ።»

ጊታሩን ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ አቧራውን ልጠርግለት ጀመርኩ። ክሮቹ ከታች ከሚታሠሩበት ድጋፍ ላይ፣ በየክሩ ሥር አንዳንድ ቀጭን የቆዳ ቁራጭ ተሰክቷል። ቆሻሻ መስሎኝ ጥፍሬን ሰደድሁ።

«ቆይ! አትንኪው!» አሉ ጋሽ ኑሩ። ጊታሩን ከትንሽዬ ማጉያ ጋር አገናኙና በጣታቸው አንዱን ክር ነኩት።

ጥዝዝዝዝ።

ተያየን። ጋሽ ኑሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጥሩዬ፣ ትናንት እንዲህ ይል ነበር?»

«ይል ነበር።»

«የት አደረስሽው?»

«ገደልኩት፣ ጋሽ ኑሩ። እንዳስተማሩኝ።»

ሽማግሌው ጊታሩን ከማጉያው ነቀሉት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንዲህ ነው። ጣቱ ላይ ሊፈረድለት የመጣውን ሰው ጣቱን ቆርጬ ነው ለዳኛው ያቀረብኩት። «ይኼ ቆዳ ምን እንደሆነ የሚያውቁት አንድ ሰው ናቸው። ተነሺ» አሉኝና ሱቃቸውን ዘጉ።

የኔታ ቢምረው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጊታሩን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ግን ጉልበታቸው ላይ አኖርኩት። ዓይናቸው ደክሟል፤ በእጃቸው ዳሰሱት። ክሮቹን ይዘው ወደ ታች ወረዱ። ቆዳው ጋ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ይህን ማን አኖረው?»

«ልጅዎ ነው፣ የኔታ።»

«ትናንት አልነበረም።»

«ነበረ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ብልሽት መስሎኝ ነው።» የሆነውን ሁሉ ዘረዘርኩላቸው፤ ጀሪካኑን፣ ውሃውን፣ የጎረምሶቹን ሣቅ።

ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡና በገናቸውን ይዘው ወጡ። ከየክሩ ሥር ያው የቆዳ ቁራጭ አለ። «እንዚራ ይባላል» አሉኝ። «ክሩ እየነካው ይጥዛል። ያለ እንዚራ በገና ጣውላ ነው፤ ማልቀሻ የለውም። እኔ ትናንት ያዘንኩት በዘፈኑ አይደለም፤ እሱንማ ከጉሮሮው ጋር ድሮ ፈቅጄለታለሁ። ከእኔ የተማረውን ሁሉ አለስልሶ፣ ለሆቴል አስማምቶ፣ እንዚራውን አፍሮበት ጥሎ መጣ ብዬ ነው።» በገናቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና «ልጁን ጥሩት» አሉ።

ሸጋው ጋ ደወልኩ። ስነግረው መጀመሪያ አላመነኝም። ከዚያ «ውሃ ታፈሺ የነበረው ለዚያ ነው?» አለና ሣቀ፤ ሣቁ መሐል ላይ ተቆረጠ። በማግሥቱ ገና ሳይሞቅ ዳባት ደረሰ።

ጋሽ ኑሩ ማጉያውን የየኔታ ግቢ ውስጥ በመኪና ባትሪ አቆሙት፤ በባትሪ ሲሆን ኧርዝ አያስፈልግም፣ እባብም የለ። እኔ ቁልፉ ጋ ተቀመጥኩ። ሸጋው ገና አንድ ክር እንደነካ የኔታ እጃቸውን አነሡ።

«አንቺ ልጅ፣ ያን ሣጥን አጥፊው።»

«አይሰማም እኮ፣ የኔታ። ያለ ማጉያ ይኼ ጊታር ድምፅ የለውም።»

«አጥፊው። እኛ እንጠጋለን።»

አጠፋሁት። ተጠጋን። ጋሽ ኑሩም መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ተጠጉ። ሸጋው መታ። ያ የሚዘል፣ የሚጮህ ልጅ ዝግ ብሎ፣ አንዱን ክር ነክቶ ጥዙ እስኪያልቅ እየጠበቀ፣ ከዚያ ሌላውን። ድምፁ ከንብ አይበልጥም። ዶሮዎቹ ይጭራሉ፣ አስፋልቱ ላይ ሚኒባስ ጡሩንባ ይነፋል፤ ሁሉን እያለፈ ግን ይሰማል። የኔታ መዳፋቸውን የጊታሩ እንጨት ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዕንባዬን ልጠርግ እንኳ አልተንቀሳቀስኩም፣ ቀሚሴ ድምፅ እንዳያሰማ ብዬ።

ሲጨርስ ሁላችንም የኔታን አየን። ሸጋው አንገቱን ደፋ።

«አደራ በልተሃል ብዬ ነበር» አሉ። «አልበላህም። ጣትህ እንዳለ ነው።» ከዚያ ቆዳዎቹን ዳሰሱና ተቆጡ። «ይህ ግን የምን ቆዳ ነው? የጫማ ነው? አልቋል እኮ!» ከበገናቸው ከረጢት ውስጥ የለፋ የፍየል ቆዳ አወጡ፤ በምላጭ ቀጭን ቀጭን አድርገው ቆረጡ፤ አንድ በአንድ፣ በዚያ በደከመ ዓይናቸው፣ በየክሩ ሥር ሰኩለት። እየሰኩ ያዳምጣሉ፤ ካልጣማቸው ያወጡታል። ሲጨርሱ ጊታሩን በሁለት እጃቸው አቀበሉት። «እንግዲህ በአደባባይ ምታው።»

ሸጋው ጉልበታቸው ላይ ተደፋ። የኔታ ራሱን ዳበሱትና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ፣ አሁን ለየሽው?»

«ለየሁት፣ የኔታ።»

«እንግዲያ ሁለተኛ ውሃ አታጠጪው።»

ጋሽ ኑሩ እስኪያስላቸው ሣቁ። ደባርቅ ላይ «አጠጪዋ» የሚል ስም እንደወጣልኝ ያን ዕለት ነው የሰማሁት፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ከዚያ ወዲያ ጥዝ የሚል ነገር ስሰማ መጀመሪያ እጠይቃለሁ፣ ቀጥሎ ነው ጀሪካን የማነሣው። ብዙ ጊዜ ኧርዝ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። የቀረውን የሥራ ዘመኔን በዚህ ነው የሠራሁት፣ ጥሩም ሠርቻለሁ ብል አላፍርም።

ጋሽ ኑሩ አልፈዋል። የኔታም ይኼ አዲሱ ዘፈን ሳይወጣ አረፉ። ሸጋው ዛሬም ሲዘል የሚወድዱት ይበዛሉ፤ ተቀምጦ ጊታር እስኪመታ የምንጠብቀው ግን እንደ ድሮው ጥቂት አይደለንም።

ይኼን ጽፌ ስጨርስ አበባ መጣች። ስልኳን አንሥቼ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ከፈትኩትና ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ጥዝዝዝ አለ። ያው የፍየሉ ቆዳ።

«ተሠራ?» አለችኝ።

«ድሮ ተሠርቷል» አልኳት። «ደኅና አድርገው ነው የሠሩት።»